አፍ የሚከፈተው አፍንጫ ሲዘጋ ነው

እ.ኤ.አ. በ1862 ጆርጅ ካትሊን የተባለ አሜሪካዊ ሠዓሊ ስለ አተነፋፈስ አንድ ትንሽ መጽሐፍ አሳተመ። ካትሊን ሐኪም አልነበረም፤ በወጣትነቱ ሕግ አጥንቶ ጥብቅና ከጀመረ በኋላ ሁሉንም ትቶ ብሩሽ ያነሣ ሰው ነው። በ1830ዎቹ የሚዙሪን ወንዝ ሽቅብ እየተከተለ የሰሜን አሜሪካን ነባር ሕዝቦች በየመንደራቸው ሣለ፤ በመቶዎች የሚቆጠሩ ሥዕሎቹ ዛሬም በስሚዝሶኒያን ተቋም ይገኛሉ። የአተነፋፈስ መጽሐፉ በኋለኞቹ እትሞች የወጣበት ርእስ ግን ቀጥተኛ ትእዛዝ ነበር፦ «አፍህን ዝጋ፤ ሕይወትህን አድን»። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ክርክሩ ካየው ነገር ይነሣል። በጎበኛቸው መንደሮች እናት ሕፃኗን አጥብታ ስታስተኛ ከንፈሮቹን በጣቶቿ ገጥማ ትዘጋለት እንደነበር፣ ልጁም አፉን ገጥሞ መተኛትን በዚያው ለምዶ እንደሚያድግ ጻፈ። «የሠለጠነው» ሰው ግን አፉን ከፍቶ ስለሚተኛ ጥርሱ ይበላሻል፣ ሳንባው ይታመማል፣ መልኩም ይጠፋል ሲል ደመደመ። እሱ ራሱ የዚህ ልማድ ሰለባ እንደነበረና በብርቱ ጥረት እንደተላቀቀው ይናገራል። አፋቸውን ከፍተው የተኙ ሰዎችን የሚያሳዩት የመጽሐፉ ሥዕሎችም የራሱ የእጅ ሥራ ናቸው።

ካትሊን አንዳንዱን ነገር በትክክል አይቶታል። በአፍንጫ የሚገባ አየር እንደሚጣራና እንደሚሞቅ መናገሩ ዛሬም የሚጸና ነው። ማስረጃው ላይ ግን ሊሸከመው ከሚችለው በላይ ጫነበት። በ1832 የሣላቸውን የማንዳን ሕዝብ በ1837 የገባው ፈንጣጣ ሊያጠፋቸው ምንም አልቀረውም፤ እልቂቱን ካትሊን ራሱ ጽፎታል። የተገጠመ ከንፈር ከወረርሽኝ አላዳናቸውም። ትልቁ ስሕተቱ ግን ከዚህም ይለያል። አፍን መክፈት መጥፎ ልማድ ነው ብሎ ተነሣ እንጂ ሰውየው አፉን ለምን እንደከፈተ አልጠየቀም። በአፍንጫ የመተንፈስ ታሪክ በአመዛኙ የዚህ ያልተጠየቀ ጥያቄ ታሪክ ነው።

ወደ ልብ ወይስ ወደ አንጎል?

አፍንጫ የትንፋሽ ደጅ መሆኑን የጥንት ሰዎችም ያውቁ ነበር። ከክርስቶስ ልደት በፊት በ1550 ገደማ የተጻፈው የግብፃውያን የሕክምና ጥቅልል፣ የኤበርስ ፓፒረስ የሚባለው፣ በአፍንጫ የሚገባው ትንፋሽ ወደ ልብና ወደ ሳንባ እንደሚያልፍ ያስረዳል። በኦሪት ዘፍጥረትም አዳም ነፍስ የዘራው ፈጣሪው በአፍንጫው እስትንፋስ ሲሰጠው ነው።

የሮም ዘመን ሐኪሞች ግን መንገዱን ወደ ላይ አዞሩት። በ2ኛው መቶ ክፍለ ዘመን የኖረው ጋለን፣ ከአፍንጫ በላይ ባለው ወንፊት መሰል አጥንት በኩል አየር ወደ አንጎል እንደሚገባ፣ የአንጎል ቆሻሻም በዚያው ንፍጥ ሆኖ እንደሚወርድ አስተማረ። ትምህርቱ ለብዙ መቶ ዓመታት ሳይነካ ቆየ። ያፈረሰው የዊተንበርጉ ፕሮፌሰር ኮንራድ ቪክቶር ሽናይደር ነው። በ1660ዎቹ ባሳተማቸው ጥራዞች ንፍጥ የሚመነጨው ከአንጎል ሳይሆን አፍንጫን ከውስጥ ከሸፈነው እርጥብ ስስ ሽፋን መሆኑን አሳየ። ከዚያ ወዲህ አፍንጫ የራሱ ሥራ ያለው አካል ተደርጎ መታየት ጀመረ።

በሕንድ ደግሞ ሰዎች ሌላ ነገር አስተዋሉ። በ15ኛው መቶ ክፍለ ዘመን የተዘጋጀው የሀታ ዮጋ ፕራዲፒካ አንዱን የአፍንጫ ቀዳዳ በጣት ዘግቶ በሌላው መተንፈስን፣ ከዚያም ማፈራረቅን ያስተምራል። የዮጋ መምህራን ግራውን ከጨረቃ፣ ቀኙን ከፀሐይ ጋር ያያይዙት ነበር። በ1895 ጀርመናዊው ሐኪም ሪቻርድ ካይዘር የሁለቱ ቀዳዳዎች የውስጥ ሥጋ በየጥቂት ሰዓቱ በተራ እንደሚያብጥና እንደሚሟሽሽ ገለጸ። ጤነኛ ሰው በአንድ ጊዜ በአብዛኛው የሚተነፍሰው በአንደኛው ቀዳዳ ነው፤ ሌላው ያርፋል። የቀን ተሌት ፈረቃው እውነት ነበር፤ ፀሐይና ጨረቃ ግን አላስፈለጉትም። በዚህ ታሪክ ውስጥ ደጋግሞ የሚያጋጥመንም ይኸው ነው፦ ዓይን ያየው ትክክል ሆኖ ማብራሪያው ይስታል።

ከላንቃ ጀርባ

የካትሊን መጽሐፍ ከወጣ ከስድስት ዓመት በኋላ፣ በ1868፣ ኮፐንሀገን ውስጥ የጆሮ ሐኪሙ ቪልሄልም ሜየር በዴንማርክኛ አንድ ጽሑፍ አሳተመ። መነሻው ጆሮዋ የደከመና ድምፅዋ የታፈነ አንዲት ወጣት ታካሚ ናት። ሜየር ጣቱን በአፏ አስገብቶ ከለስላሳው ላንቃ ጀርባ ወደ ላይ ሰደደ። እዚያ፣ አፍንጫና ጉሮሮ በሚገናኙበት ስፍራ፣ ለስላሳ ሥጋ መንገዱን ሞልቶት አገኘው። ዛሬ አዴኖይድ የምንለው ነው።

አዴኖይድ ለሁሉም ልጅ የተሰጠ፣ ከቶንሲል ጋር የሚዛመድ የሰውነት የመከላከያ ሥጋ ነው። በልጅነት ያድጋል፤ ወደ ጉርምስና ሲደርሱ ብዙውን ጊዜ ይሟሽሻል። ከልክ በላይ ሲያብጥ ግን የአፍንጫን የኋላ በር ይደፍናል። ልጁ አፉን ይከፍታል፤ ያንኮራፋል፤ «ም» እና «ን» በአፍንጫ መውጣት ስለሚያቅታቸው ወደ «ብ» እና «ድ» ይጠጋሉ፤ «እማማ» ሲል «እባባ» ይመስላል። ጆሮን ከጉሮሮ የሚያገናኘው ቀጭን ቱቦም አፉ እዚያው ስለሆነ ሲደፈን ከጆሮ ታምቡር ጀርባ ፈሳሽ ይጠራቀምና መስማት ይቀንሳል። ሜየር እነዚህን ምልክቶች በአንድ ላይ አሰባሰባቸው፤ ሥጋው ሲወገድ ትንፋሹም ድምፁም ጆሮውም እንደሚሻሻል አሳየ። ከሞተ በኋላ፣ በ1898፣ ከብዙ አገር በተዋጣ ገንዘብ ኮፐንሀገን ላይ ሐውልት ቆመለት።

ሠዓሊውና ሐኪሙ ያዩት ያንኑ የተከፈተ አፍ ነው። ካትሊን አፍ ለከፈተው ሰው ምክር ነበረው፤ ሜየር ግን የተደፈነውን ቦታ ፈለገ። የአፍንጫ ትንፋሽ ጥቅም ሲወሳ የካትሊን ድምፅ ጎልቶ ይሰማል፤ ለታማሚው የሚበጀው ግን በአመዛኙ የሜየር መንገድ ነው።

ቢላው ሲበዛ

ሆኖም የሜየር መንገድም መረን ወጣ። በ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ማብቂያ የበርሊኑ የአፍንጫ ሐኪም ቪልሄልም ፍሊስ አፍንጫ ከሆድና ከማሕፀን ሕመም ጋር ሥውር ትስስር አለው ብሎ ያምን ነበር። በ1895 የወዳጁን የሲግመንድ ፍሮይድን አንዲት ታካሚ ቪየና ሄዶ አፍንጫዋን ቀዶ አከመ፤ ረጅም የቁስል ጨርቅ ውስጥ ረስቶባት ኖሮ ደም ፈሷት ለሞት ተቃርባ ነበር።

በ1906 ደግሞ የኒውዮርክ ሐኪሞች በታችኛው ምሥራቅ ማንሃተን በሚገኙ ትምህርት ቤቶች የስደተኛ አይሁድ ልጆችን አዴኖይድ እዚያው ትምህርት ቤት ውስጥ ማውጣት ጀመሩ። «ሐኪሞቹ የልጆቻችንን ጉሮሮ እያረዱ ነው» የሚል ወሬ ተነዛ፤ እናቶች ትምህርት ቤቶቹን ወርረው በርና መስኮት ሰበሩ። ወሬው ሐሰት ነበር፤ የእናቶቹ ጥርጣሬ ግን ጨርሶ መሠረት አልባ አልነበረም፤ ሐኪሞች ለቢላ ይቸኩሉ እንደነበር ቆይቶ በቁጥር ታየ። በ1934 የአሜሪካ የሕፃናት ጤና ማኅበር በዚያችው ከተማ 1,000 ተማሪዎችን መርምሮ ነበር። 611ዱ ቶንሲላቸው ቀድሞውኑ ወጥቷል። ከቀሩት 389 ልጆች ውስጥ 174ቱ ይውጣላቸው ሲሉ ሐኪሞች ወሰኑ። «ደህና ናቸው» የተባሉት 215 ልጆች ለሌሎች ሐኪሞች ሲቀርቡ እነዚህም 99ኙን ለቀዶ ሕክምና መረጡ። የተረፉት 116 ለሦስተኛ ጊዜ ሲታዩ 51ዱ አሁንም ይውጣላቸው ተባለ። ሐኪሞቹ የሚቀርቡላቸው ልጆች እነማንም ይሁኑ፣ ከሞላ ጎደል ግማሾቹን ለቢላ መምረጥ ለምደው ነበር።

ይህ የምዕራቡ ዓለም ጉዳይ ብቻ አይደለም። በአገራችን ሕፃን ልጅ ጉሮሮው ሲያብጥ ወይም ሲያስመልሰው እንጥሉ ወርዶ ያፍነዋል በሚል ስጋት እንጥል ማስቆረጥ የኖረ ልማድ ነው። መነሻው ያው ነው፦ ልጄ ትንፋሽ ያጥረዋል የሚል የእናት ጭንቀት። ነገር ግን እንጥል የትንፋሽ መንገድ የሚዘጋበት ጊዜ እጅግ ብርቅ ነው፤ መቁረጡ ግን ደም ያፈሳል፣ ቁስሉ ያመረቅዛል፣ ባልጠራ ምላጭም ቴታነስ ያስከትላል። ጤና ባለሙያዎች ከጎጂ ልማዳዊ ድርጊቶች የሚመድቡት ስለዚህ ነው። የተዘጋው ቦታ የት እንደሆነ ሳይታወቅ ቢላ ማንሣት በኒውዮርክም በየገጠሩም ጉዳቱ አንድ ነው።

አፍንጫ ሲለካ

20ኛው መቶ ክፍለ ዘመን አፍንጫ ምን እንደሚሠራ በመሣሪያ መለካት ቻለ። አንድ አዋቂ ሰው በቀን 10,000 ሊትር ያህል አየር ያስገባል። አየሩ ቀጥታ ሳይሆን ከግድግዳው ወደ ውስጥ በወጡ፣ ደም በሞላባቸው የሥጋ መደቦች መካከል እየተጠማዘዘ ያልፋል። እዚያ አቧራው በንፍጡ ላይ ይጣበቃል፤ በዓይን የማይታዩ ጸጉር መሰል ዘንጎች ንፍጡን ወደ ጉሮሮ እየገፉ እንዲዋጥ ያደርጉታል፤ አየሩም ሳንባ ከመድረሱ በፊት ይሞቃል፣ ይረጥባል። በአፍ የሚገባው አየር ይህን ሁሉ አያገኝም። በ1978 የታተመ ጥናት አስም ያለባቸው ልጆች በአፍንጫቸው እየተነፈሱ ስፖርት ሲሠሩ ደረታቸው በአፍ ከሚተነፍሱበት ጊዜ ያነሰ እንደሚጠብ አሳይቷል። ይህን መጥበብ የሚቀሰቅሰው ደረቅና ቀዝቃዛ አየር ስለሆነ ነው።

አፍንጫ ግን ጠባብ መንገድ ነው፤ አየር ወደ ሳንባ ሲሄድ ከሚገጥመው ተቃውሞ ግማሽ ያህሉ እዚያው ነው። ስለዚህ ሩጫው ሲበረታ፣ የሚገባው አየር በደቂቃ 35 ሊትር አካባቢ ሲደርስ፣ ብዙ ሰው ሳያስበው አፉንም ይከፍታል። ሯጭ አፉን መክፈቱ ጥፋት አይደለም፤ ሰውነት ለጊዜው ከማጣራት ይልቅ ብዛትን መርጧል ማለት ነው። አፍ የተሰጠን ለዚህም ጭምር ነው።

በ1970ዎቹና በ1980ዎቹ መጀመሪያ ኖርዌይ ተወልደው ሳን ፍራንሲስኮ የሠሩት ተመራማሪ ኤጊል ሃርቮልድ የካትሊንን ያልተጠየቀ ጥያቄ በሙከራ ጠየቁ። የወጣት ሬሰስ ጦጣዎችን አፍንጫ በሲሊኮን ደፈኑ። ጦጣዎቹ አፋቸውን ከፈቱ፤ መንጋጋቸው ወደ ታች ወረደ፤ ጥርሳቸው ከመስመሩ ወጣ፤ ፊታቸው ተለወጠ። ለውጡ በሁሉም ላይ አንድ ዓይነት አልነበረም፤ እያንዳንዱ ለመተንፈስ ያገኘው ዘዴ የየራሱን መልክ ሰጠው። የካትሊን አስቂኝ ሥዕሎች ከእውነት ያልራቁ መሆናቸው ታወቀ፤ መንሥኤው ግን የልማድ ጉዳይ ሳይሆን የተደፈነ አፍንጫ ነበር። ይህም ሆኖ የልጆች አፍንጫ እንደ ጦጣዎቹ ሙሉ በሙሉ የሚደፈነው እምብዛም ነው፤ በልጆች ላይ የፊት አጥንት ምን ያህል እንደሚለወጥ ባለሙያዎች አሁንም ይከራከሩበታል።

ከዚያ የስቶክሆልም ተራ መጣ። በ1991 በካሮሊንስካ ተቋም ተመራማሪዎች በሰው ትንፋሽ ውስጥ ናይትሪክ ኦክሳይድ የተባለውን ጋዝ አገኙ። ይህ ጋዝ የደም ሥሮችን የሚያሰፋ መልእክተኛ መሆኑን ያረጋገጡ ሦስት ሳይንቲስቶች በ1998 የኖቤል ሽልማት ተቀብለዋል። በ1995 ዮን ሉንድበርግና ባልደረቦቹ ጋዙ በብዛት የሚመረተው በአፍንጫ ዙሪያ ባሉት የሳይነስ ጎድጓዳዎች መሆኑን አሳዩ። በአፍንጫ የምንስበው አየር ጥቂቱን ይዞ ወደ ሳንባ ይወርዳል፤ አየር የደረሰበት የሳንባ ክፍል ደም እንዲደርሰው ያግዛል። በ1996 ባወጡት ሙከራ ከ8 ጤነኛ ሰዎች በ6ቱ በቆዳ ላይ የተለካው ኦክስጅን በአፍንጫ ሲተነፍሱ በአፍ ከሚተነፍሱበት ጊዜ በ10 በመቶ ያህል ከፍ ብሎ ተገኝቷል። በ2002 ኤዲ ቫይትስበርግና ሉንድበርግ አፍን ገጥሞ ማዜም ከአፍንጫ የሚወጣውን ጋዝ 15 እጥፍ እንደሚያበዛው ጻፉ፤ የድምፁ ንዝረት የሳይነሶቹን አየር ያናፍሰዋል።

በ2016 ደግሞ በአሜሪካ የኖርዝዌስተርን ዩኒቨርሲቲ ክሪስቲና ዜላኖና ባልደረቦቿ በአፍንጫ አየር መሳብ የስሜትና የትውስታ ማእከል የሆኑትን የአንጎል ክፍሎች ምት እንደሚመራ አገኙ። ተሳታፊዎቹ የፈራ ፊት ለይተው ለማወቅ የፈጠኑት በአፍንጫቸው ወደ ውስጥ በሚተነፍሱበት ቅጽበት ነው፤ በአፍ ሲሆን ይህ ልዩነት ጠፋ። ትንፋሽ አንጎል ላይ ይደርሳል ያለው ጋለን በመንገዱ ቢስትም ጥርጣሬው ባዶ አልነበረም።

እነዚህ ግኝቶች የሚያስደንቁ ናቸው፤ ብዙዎቹ ግን በጥቂት ሰዎች ላይ የተደረጉ የአጭር ጊዜ ሙከራዎች ናቸው። በአፍንጫ መተንፈስ ዕድሜ ያስረዝማል፣ ደም ግፊትን ያድናል፣ ካንሰርን ይከላከላል እያለ የሚያውጅ ሰው ከእነዚህ ጥናቶች ያልተጻፈውን እያነበበ ነው።

ሌሊትና ፕላስተር

የአፍንጫ ጥቅም በግልጽ የሚታየው በእንቅልፍ ነው። የተኛ ሰው አፉ ሲከፈት መንጋጋው ወደ ኋላ ይሸሻል፣ ምላሱም ይከተለዋል፣ ጉሮሮ ይጠባል። ማንኮራፋቱ ከዚያ ይመጣል፤ ሲብስ ትንፋሹ ለሰከንዶች ተቋርጦ ሰውየው እየታፈነ ይባንናል። ለዚህ ሕመም ትልቁን መፍትሔ ያመጣው አውስትራሊያዊው ኮሊን ሱሊቫን ነው። በ1981 ሲድኒ ውስጥ በአፍንጫ ላይ በሚገጠም ጭምብል አየር በመጠነኛ ግፊት እየነፋ የአምስት ታካሚዎችን ጉሮሮ ሌሊቱን ሙሉ ክፍት አድርጎ አቆየ። መሣሪያው ዛሬ በመላው ዓለም ይሠራበታል። ሱሊቫን ታካሚዎቹን አፍ ዝጉ አላላቸውም፤ መንገዱን ከፈተላቸው።

በ2020 ጋዜጠኛው ጄምስ ኔስተር ስለ ትንፋሽ የጻፈው መጽሐፍ እጅግ ተነበበ። ለመጽሐፉ ሲል በስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ አፍንጫውን አስደፍኖ ለ10 ቀናት በአፉ ብቻ ተንፍሶ፣ ማንኮራፋቱና ደም ግፊቱ ሲጨምር አስመዝግቧል። ካትሊንንም ከመረሳት አነሣው። ከዚያ ወዲህ በማኅበራዊ ሚዲያ አፍን በፕላስተር አሽጎ መተኛት ፋሽን ሆነ። በ2025 የታተመ የጥናቶች ግምገማ የልምዱ ማስረጃ ደካማ እንደሆነ፣ አፍንጫቸው ለተደፈነባቸው ሰዎችም አደገኛ ሊሆን እንደሚችል አስጠነቀቀ። ፕላስተሩ የካትሊን ትእዛዝ በሌላ መልክ ሲመለስ ነው፤ አፍንጫው የማይሠራለትን ሰው አፉን ማሸግ የቀረውን በር መዝጋት ነው።

እንግዲህ የሚበጀው ቅደም ተከተሉን መጠበቅ ነው። በቅድሚያ አፍንጫን መክፈት፤ አፉ ከዚያ ብዙውን ጊዜ ራሱ ይገጠማል። በጉንፋን የታፈነ አፍንጫ በቀናት ይከፈታል። በዳማከሴ ወይም በባሕር ዛፍ ቅጠል መታጠን እፎይታ ይሰጣል፤ ልጅን ከፈላ ውሃ በላይ ማጎንበስ ግን ስንቱን አቃጥሏል። አፍንጫን በቀላል የጨው ውሃ ማጠብ ይረዳል፤ ውሃው ፈልቶ የቀዘቀዘ መሆን አለበት። ከፋርማሲ የሚገዛው አፍንጫ ከፋች ጠብታ ከጥቂት ቀናት በላይ ከተወሰደ አፍንጫን መልሶ ያፍናል፤ ብዙ ሰው የሚታሰረው በዚሁ ነው። በአቧራና በጭስ የሚብስ የአፍንጫ ማሳከክና ማስነጠስ ብዙውን ጊዜ አለርጂ ነው፤ መድኃኒት አለው። የተጣመመ የአፍንጫ አጥንት፣ ወይም ሳምንታት አልፈውም ያልለቀቀ አፈና ግን የአንገት በላይ ሐኪም ዓይን ይፈልጋል። በእንቅልፍ ትንፋሹ የሚቋረጥ አዋቂም ፕላስተር ከመግዛቱ በፊት መመርመር አለበት።

ሳይርቅ በቅርቡ፣ ሳይደርቅ በእርጥቡ የሚለው ብሂል በተለይ ለልጆች ይሠራል። በክፍል ውስጥ አፉን ከፍቶ የሚያፈጥ፣ ሲጠሩት ዘግይቶ የሚዞር ልጅ «ፈዛዛ» ይባላል፤ አንዳንዴም ይኮረኮማል። ከላንቃው ጀርባ ያበጠ ሥጋ ሌሊት እንቅልፍ እየነሳው፣ ቀን ጆሮውን እየደፈነበት ሊሆን ይችላል። መምህሩ ወደ ፊት ወንበር ቢያመጣው፣ ወላጁም ማታ እንደሚያንኮራፋ ለሐኪም ቢናገርና ጆሮውን ቢያስመረምር፣ «አፍህን ዝጋ» ከሚለው ቁጣ ይልቅ ልጁን የሚጠቅመው ይህ ነው።